ተሾመና የማዳም ኤልዛ ፊልም

ተሾመ ማዳም ኤልዛን ሰው በሞላበት አዳራሽ ውስጥ ጋለሞታ ብሏታል። ይህ ይጻፍልኝ። ባለፈው ወር እዚህ አሜሪካ፣ ቴክሳስ፣ ኧርቪንግ ከተማ ላይ ልደቱ ሲከበር ልጆቹ «የድሬዳዋ ሲኒማ አባት» የሚል ትልቅ ጨርቅ ሰቅለውለት አየሁ። እኔ ደግሞ ያንን እያነበብኩ ዝም ብዬ ኬክ የምበላ ሴት አይደለሁም።

ልጅ ሆኜ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ማዳም ኤልዛ ቤት ልብስ እተኩስ ነበር። ጀርመን ናት። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ሲያስተኛ በረንዳ ላይ ጊሽጣ እየበላን የወጣትነቷን ታወራኛለች። ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን በርሊን ውስጥ ተዋናይ ነበረች፤ ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ እጇን ይስማት ነበር። ድምፅ ሲመጣ ግን «የገጠር አነጋገር አለብሽ» ብለው አሰናበቷት። የባቡር መሐንዲስ የነበረውን ባሏን ተከትላ ድሬዳዋ ስትመጣ ከዚያ ሁሉ ሥራዋ የቀራት አንድ ፊልም ብቻ ነበር። በቆርቆሮ አድርጋ እንደ ታቦት ትጠብቀዋለች።

ባሏ ከሞተ በኋላ ፊልሙ ለከተማው ሰው እንዲታይ ፈቀደች። ያኔ የውጭ ፊልም ሲታይ መጋረጃው አጠገብ ቆሞ በአማርኛ የሚያስረዳ ሰው ነበር። ያ ሰው ተሾመ ነው። በፊልሙ መሃል የሚመጣውን የጀርመንኛ ጽሑፍ ስለማያውቅ፣ ማዳም የነገረችኝን ታሪክ ቀድሜ ነገርኩት፤ ማዳም የምትጫወተው ባሏ ባሕር ላይ የቀረባትን ሴት ነው፣ በየማታው ወደብ ወርዳ ትጠብቀዋለች።

«አቦ ጥሩዬ ተይኝ፣ ሥራዬን አውቃለሁ» አለኝ።

ወደቡ ጋ ስትደርስ ፊቷ መጋረጃውን ሞላው። እንባዋ ሳይወርድ ዓይኗ ላይ ቆመ። ይሄኔ ተሾመ ጮክ ብሎ፣ «ይቺ ጋለሞታ መርከበኛ እየጠበቀች ነው፤ የትኛውም ይሁን ግድ የላትም» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«ለምን ይስቃሉ?» አለችኝ አጠገቤ የተቀመጠችው ማዳም። «እዚህ ጋ ሰው አይስቅም።»

መልስ ሳልሰጣት አንዱ ከኋላችን ቃሉን ደግሞ ጮኸ። የገበያ አማርኛ ታውቅ ስለነበር ገባት።

ከዚያ ወዲያ የሰፈር ልጆች በዚያው ቃል ይጠሯት ጀመር። ገበያ መውጣት ተወች። አንድ ቀን ፊልሙን ጓሮ አውጥታ ክብሪት ጫረችበት፤ የዚያ ዘመን ፊልም እንደ ቤንዚን ነው የሚነደው። ውሃ ይዤ ስደርስ አመድ ሆኗል። ክረምቱ ሳይገባ በጅቡቲ ባቡር ሄደች፣ በዚያው ቀረች።

ኧርቪንግ ላይ ኬኩ ከመቆረሱ በፊት ማይኩን ከመድረክ መሪው ተቀበልኩ። ከምኖርበት ከሜስኪት ከተማ በመኪናዋ ያመጣችኝ የልጅ ልጄ ሊያ ቀሚሴን ጎተተችኝ።

«እማማ ፕሊስ፣ ሰው ሪከርድ እያደረገ ነው።»

«ያድርግ። ይቀመጥልኝ።»

ለእናንተ የነገርኳችሁን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ቃሉንም አልሸፈንኩም። ትልቁ ልጁ መጣና፣ «እማማ ማይኩን ይስጡኝ፣ አባባ ልባቸውን ያማቸዋል» አለኝ።

«እሷም ልብ ነበራት» አልኩት።

ተሾመ ራሱ እጁን አንሥቶ ልጁን መለሰው። ታሪኩን ነግሬህ ሳለ ለምን እንደዚያ አልክ ብዬ ጠየቅኩት።

ሲዋረድ ማየት ይጣፍጠኛል ብዬ ነበር፤ ጣፍጦኛልም፣ አልዋሽም። ዛሬም ይቅር አላልኩትም። ግን ፍርድ ፍርድ ነውና የሰጠኝ መልስም አብሮ ይጻፍ።

«ያኔ ፊቷ መጋረጃውን ሲሞላው ሰዉ ትንፋሹን ዋጠ፣ ጥሩዬ» አለኝ። «እሷን እያዩ እኔን ረሱኝ።»