ባሕር የማይታይበት አገር

ዝናብ የመታው ጆንያ ላምባ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ አለ። ባለፈው ሳምንት ገበያ መሃል ድንገት ሸተተኝና የምገዛውን ረስቼ ቆምኩ። የአባባ አረቡ ሱቅ ሽታ ነው። በደርግ ጊዜ፣ ቦንጋ ውስጥ፣ ወደ አውቶቡስ መቆሚያው በሚያወጣው ዳገት ላይ ሚስማር፣ ሳሙናና ላምባ የሚሸጡ አንድ የመናዊ ሽማግሌ ነበሩ። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም፤ እኔን «ና አንተ» ብለው ነው የሚጠሩኝ። ለምደነው ስለነበር ማንም አይስቅባቸውም።

ታላቅ ወንድሜ ከዚያ ሱቅ አይጠፋም ነበር። ላምባ እንዲገዛ ይላክና ጀንበር ስታዘቀዝቅ ይመለሳል። የሚያስቀረው የመርከብ ወሬ ነው። የሽማግሌው አባት በእንግሊዞች የጭነት መርከብ ሆድ ውስጥ ከሰል ወደ እሳቱ የሚወረውሩ ሠራተኛ ነበሩ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከኤደን ወደብ እንደወጡ መርከባቸው የት እንደገባች ሳይታወቅ ቀረች። ልጃቸው አባባ አረቡ ከዚያ በኋላ ወደቡ ላይ ከመርከበኞች እግር ሥር እየዋሉ ስለ ሰጠመ መርከብ ሁሉ ሲጠይቁ አደጉ። እንደ ከተማ በመብራት ያጌጠች ትልቅ መርከብ በመጀመሪያ ጉዞዋ ከበረዶ ተራራ ጋር ተላትማ መስጠሟን፣ ውኃ ውስጥ ተደብቆ በሚሄድ መርከብ የተመቱትን፣ ስንዴ ጭነው ወጥተው አንዲት ሳንቃ እንኳ ያልተገኘላቸውን ያወሩልን ነበር። የሞተ ዘመድ የሚያነሱ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ እኛም ባሕር ላይ ያለን ይመስለኝ ነበር።

ወንድሜ ሁልጊዜ የሚጠይቀው ስለ ታችኞቹ ነው። እሳቱ ዘንድ ያሉት ውኃው ሲገባ በየት ይወጣሉ?

«አይወጡም» ይሉታል። «ላይ ያለውን ሰው ስሙን ጋዜጣ ይጽፋል። ታች ያለውን እናቱ ብቻ ያውቃል።»

አንድ ቀን ከዚያ ሁሉ አገር ለምን ቦንጋን እንደመረጡ ጠየቃቸው። ጂቡቲ ሲደርሱ፣ አሉ፣ የቡና ነጋዴዎችን ባሕር የማይታይበት አገር የት ነው ብለው ጠየቁ፤ ከፋ ነው ተባሉ፤ ጫካውንና ተራራውን ሲያዩ እዚሁ ቀሩ።

ወንድሜ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። የቀበሌ ሰዎች ልጆቹን ሜዳ ላይ ሰብስበው በጭነት መኪና ጫኗቸው። መኪናው ዳገቱ ላይ በሱቁ በኩል ሲያልፍ ወንድሜ ከላይ ሆኖ፣ «አባባ፣ ባሕሩን አይቼ እነግርዎታለሁ» አላቸው፤ እየሳቀ ነበር። ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ቁጭ አሉ። መኪናው ከጠፋም በኋላ አልተነሱም።

አንድ ቁስለኛ ተመልሶ ምጽዋ በኩል አይቼዋለሁ አለ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። እናቴ ቀበሌ ስትጠይቅ ግዳጅ ላይ ነው ይሏታል፤ ደግማ ስትጠይቅ ይቆጧታል። ስለዚህ መጠየቁን ትታ የጅማው አውቶቡስ በሚገባበት ሰዓት ዳገቱን ትወጣ ጀመር። ተሳፋሪው ወርዶ እስኪያልቅ ትቆማለች፤ ረዳቱ በሩን ሲዘጋ ትመለሳለች። በየቀኑ። በክረምትም በበጋም።

ሽማግሌው ከሱቃቸው ሆነው ሲያይዋት ከረሙ። አንድ ከሰዓት እኔና እሷ ስናልፍ ጠርተው ሳጥን ላይ አስቀመጧት፤ የሱቁንም በር ገርበብ አደረጉት። ስለ እናታቸው ነገሯት። የመርከብ ጭስ ከሩቅ በታየ ቁጥር ወደ ወደቡ ይወርዱ እንደነበር፣ ባልሽ ሞቷል ያላቸውን ሰው ሁሉ ቤታቸው እንዳይገባ ይከለክሉ እንደነበር፣ እንዲያ እያሉ አርጅተው እንደሞቱ።

«እናቴ አላለቀሰም» አሏት። «እስኪሞት አላለቀሰም። አንተ አልቅስ። ድንኳን ጣል፣ ሰው ይምጣ፣ አልቅስ።»

እናቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች።

«ጋሼ፣ በሕይወት ካለስ?» አለች ቀስ ብላ። «የገደልኩት እኔ ልሆን ነው።»

የአውቶቡሱ ጡሩምባ ሲሰማ ተነሳች፤ በሩን ሽማግሌው ራሳቸው ከፈቱላት።

በሚቀጥለው ክረምት ሽማግሌው ሱቃቸው ውስጥ አረፉ። ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው አጥበው ገንዘው ቀበሯቸው። እኛ ሴቶቹ ሱቁ ውስጥ፣ ከመደርደሪያው ሥር ጆንያ ላይ ተቀመጥን። ዘመድ የሌላቸው ሰው ስለነበሩ ለቅሶው ጸጥ ያለ ነበር። ድንገት እናቴ ጮኸች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ደረቷን እየመታች፣ በከፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ታለቅስ ጀመር። ካፊኖኖ የማያውቁት ሴቶች ለሽማግሌው መሰላቸው። እኔ ግን ቃሉን እሰማለሁ፤ በማያውቀው አገር ስለወደቀ፣ ፊቱን የሚሸፍንለት ስላጣ ልጅ ነበር የምትለው። ስሙን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራችም። ድምፅዋ እስኪዘጋ አለቀሰች፤ ሴቶቹ ውኃ አጠጥተው አስቀመጧት።

ወደ ቤት ልንሄድ ስንወጣ ክንዷን ያዝኳት። ሰውነቷ ቀልሎ ነበር።

«ማን አለቃሽ አላቸው ብዬ ነው» አለችኝ ሳልጠይቃት።

«አዎ» አልኳት።

ከፊታችን አንድ ተሸካሚ ባዶ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ከመቆሚያው ይወርድ ነበር። እናቴ ቆመች። እኛ ለቅሶ ላይ ሳለን አውቶቡሱ ገብቶ ሄዷል።

«ልጄ፣ ማን ማን ወረደ?» አለችው በተዘጋ ድምፅ።

«ነጋዴዎች ናቸው፣ እማማ።»

«ሌላስ?»

ሰውየው እኔን አየኝ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።