ከፈይፋ የላክሁት ካሴት

ዛሬ ፌስቡክ ላይ «ብርቅዬ የድሮ መንዙማ» ተብሎ የተለጠፈውን ብከፍተው የራሴ ድምፅ ወጣ።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ዓረብ አገር ጂዛን፣ ፈይፋ ተራራ ላይ ፍየል ስጠብቅ ለእናቴ የላክሁት ካሴት ነው። አብሮ የተለጠፈው ፎቶም የኔው ነው፤ የአሠሪዬን የካፊሌን ፒካፕ ተደግፌ ባለመኪና መስያለሁ።

ያኔ ለቤተሰብ መልእክት ስንቀዳ መንዙማ እናስቀድም ነበር። አድራሹ ከፍቶ ቢሰማ፣ መንዙማ ብቻ መስሎት እንዲተወው ነው።

አድራሹ ሰይድ «በእጇ ሰጥቻታለሁ፣ ኸላስ!» ብሎኝ ነበር። እናቴ ግን እስከ ዛሬ «ድምፅህን እንኳ ነፈግኸኝ» ትለኛለች።

ለጣፊው የሰይድ ልጅ ነው። «ከአባቴ ሳጥን ያገኘሁት» ይላል።

መንዙማው ልክ «እማዬ» ልል ስል ተቆርጧል። ቀሪውን ያልሰማ ሰው የት ላይ እንደሚቆርጥ በምን ያውቃል?

እናንተም በሰው እጅ ልካችሁ «ደርሷል» የተባላችሁት ካሴት ካለ፣ እስቲ እዚህ ፈልጉና ንገሩኝ።