ለዚያ ክንፍ የማይሆን ሞተር

ያን ጊዜ ባሕር ዳር፣ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ውስጥ አስተማሪ ነበርሁ። የወርክሾፓችን ዕቃ ጠባቂ ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን መካኒክ ነበሩ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ትንንሽ አውሮፕላን ይሠራሉ፤ በሁለት ቀጫጭን ሽቦ ተይዞ በያዡ ዙሪያ እየከበበ የሚበር። እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ያን ዓመት የሠሩትን የመሰለ አላየሁም። ክረምቱን ሙሉ እንጨት ሲፍቁ፣ ወረቀት ሲለጥፉ ከረሙ። ሞተር ሁለት ነበረን፤ አንዱ ትንሽና አሮጌ፣ ሌላው እኔ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ትልቅ። ትልቁን ገጠሙና ክንፉን በሁለት ጣታቸው ደግፈው አነሡት። አፍንጫው ቁልቁል ተደፋ።

«አየህ፣ ከበደው። ቢነሣ እንኳ ሽቦው የታሰረባትን ጣውላ ከክንፉ ነቅሎ ይሄዳል። ሞተር በክንፉ ልክ ነው እንጂ በዓይንህ አትምረጥ።»

«ትንሹማ ምን ይታይለታል?» አልኋቸው።

«ለማን ነው የሚታየው?» ብለው ፈቱት።

ኮሌጁ እንግዳ የጠራበት እሑድ ደረሰ። እሳቸው ቅዳሴ ሳሉ ትልቁን ገጠምሁ። አፍንጫው እንዳይደፋ ጭራው ላይ ብረት አሰርሁበት። ሐይቁ ዳር ካለው ሜዳ ሲነሣ ጩኸቱ እንግዶቹን ጆሯቸውን አስያዛቸው። እጄን የሚጎትተው ጉልበት ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

እሳቸው ነጠላቸውን መስቀለኛ እንዳጣፉ መጡ። በድምፁ ዐወቁት መሰለኝ፣ ገና ከሩቅ ጮኹ።

«ዝቅ አድርገህ ያዘው! ነዳጁ እስኪያልቅ ዝቅ አድርገህ!»

ሰምቻቸዋለሁ። ሰምቼ ሽቅብ ገለበጥሁት። እጄ ድንገት ቀለለኝ። ጣውላዋ ተነቅላ ከነሽቦው ሣር ላይ ወደቀች፤ አውሮፕላኑ በደንገሉ ላይ አልፎ ጣና ውስጥ ገባ።

ዲኑ ሮጠው መጡ። «ምን ነክቶት ነው?»

ሽማግሌው ከኋላዬ ቆመዋል። «ክንፉ ደካማ ነበር» አልሁ።

እሳቸው ሽቦውን ለቃቅመው ጠቀለሉና እጄ ላይ አኖሩት። በማግሥቱ መምህራኑ ሻይ ቤት «ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሟል» ሲሉ እኔ ሻዬን አማስል ነበር። ወር ሳይሞላ ሥራቸውን ለቀው ማክሰኝት፣ ሴት ልጃቸው ዘንድ ገቡ።

ሁለት ዓመት ቆይቼ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድሁ። በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉኝ። ምሳ ቀረበ።

«ይብሉ እንጂ» አሉኝ። «መንገዱ እንዴት ነበር? ተማሪዎችዎ ደኅና ናቸው?»

አንተ ሲሉኝ የኖሩ ሰው። ቢሰድቡኝ በወደድሁ። ጎረቤት ሲገባ «ከባሕር ዳር የመጡ መምህር ናቸው» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። እኔም ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ አውርቼ፣ የሄድሁበትን ሳልናገር በአሥር ሰዓቱ ሚኒባስ ተመለስሁ።

አምና ማረፋቸውን ሰማሁ። ለቅሶም አልደረስሁ። ልጃቸውን ምን ብዬ ላጽናናት?