ያልሰማሁት አውሮፕላን

ያን ዕለት ጣቴ ለምን ወደ አቦቦ ጠቆመ? ራሴን ይህን ስጠይቅ ብዙ ዓመት አለፈኝ፤ መልሱን ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። የሰው ስህተት ሳርም የኖርኩ ሴት ነኝና የራሴን ጉዳይ ያለ መልስ ማሳደሩ ይከነክነኛል።

ነገሩ የሆነው ጋምቤላ ከተማ፣ ክልላችን ክልል ከተባለ ገና ጥቂት ዓመታት እንደተቆጠሩ፣ በሐምሌ ወር ነው። ያኔ ከክልሉ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ወላጆቼ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ስምንት ዓመቴ፣ ከታናሽ እህቴ እኩዮች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተጣብቄ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው እንደ ዘግይቶ የበላ ሰው ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ማንበብ ያምረዋል፣ ፍርፋሪም አያስተርፍም።

መዝገብ ቤት ስገባም ይኸው አመሌ ተከተለኝ። ደብዳቤ ሲመጣ የመጣበትን ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንና ደቂቃውንም እጽፋለሁ። ያዘዘኝ የለም። ባልደረቦቼ "ከድጃ ካለች አለች ነው" ይሉኝ ነበር፤ ግማሹ ከልቡ፣ ግማሹ በሽሙጥ።

ይህን የማወራው ለመመጻደቅ አይደለም። አንዲት ውሸቴ እንዴት ያን ያህል እንደታመነች እንዲገባችሁ ነው።

የመሥሪያ ቤታችን ታይፒስት አሪየት ትባላለች። ባሏ ኦሞድ አስተማሪ ነው፤ ለወራት ኮርስ አዲስ አበባ ቆይቶ በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ በሚመጣው አውሮፕላን ሊመለስ ነበር። አሪየት ጠዋት ቢጫ ቀሚስ ለብሳ መጣች። ሁለት ደብዳቤ መታች፤ ሁለቱንም ለእርማት መለስኩላት። "ዛሬ እንኳን ማሪኝ" አለችኝ። አልማርኳትም።

ከምሳ በኋላ እሷ ባሏን ልትቀበል ከከተማው ውጭ ወዳለው የአውሮፕላን ማረፊያ ሄደች። እኔ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ልብ ወለድ አነብ ነበር። መጽሐፉን የማነበው የገቢ ደብዳቤ መዝገቡን ገልጬ መሐሉ ላይ አስተኝቼ ነው። መዝገቡ ሰፊ ስለሆነ በበሩ የሚያልፍ ሰው ሥራ ገደላት ይለኛል። ቀና ስል አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ግቢው ውስጥ ሰው የለም።

አውሮፕላኑ አልመጣም። አሪየትና ሌሎች ተቀባዮች እስኪመሽ ጠብቀው ተመለሱ። በሬዲዮ መገናኛ ሲጠየቅ ከአዲስ አበባ መነሣቱ ተረጋገጠ። ጋምቤላ አለመድረሱን ደግሞ እኛው እናውቃለን።

በማግስቱ ከተማው ሥራ አልሠራም፤ ሲገምት ዋለ። የአውሮፕላኑን ድምፅ ያልሰማ ሰው አልነበረም። ሁሉም በገዛ ጆሮው ሰምቷል፤ ድምፁ የባሮን ወንዝ ተከትሎ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኢታንግ፣ ከዚያም ወደ ድንበሩ ሄዷል።

ጠዋት ሻይ ቅጠል ልገዛ ሐጂ ሰይድ ሱቅ ብቅ ብል ሐጂ ለተሰበሰበው ሰው ይመሰክራሉ። "ወላሂ በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። ስኳር እየመዘንኩ ነበር።"

"ሐጂ፣ ስኳር ከሱቅዎ ከጠፋ ወር አልሆነውም?" አላቸው አንዱ።

"እንግዲያው ጨው ነበራ! አንተ ደግሞ እኔ ስለ አውሮፕላን ሳወራ ስለ ስኳር ታወራለህ!"

ከሱቁ ደጅ ማንጎ ዛፍ ሥር የሚሰፋው ልብስ ሰፊ በበኩሉ አብራሪው ካርቱም ውስጥ እጮኛ እንዳለችው ይናገራል። ማን እንደነገረው ሲጠየቅ፣ "ማን ይነግረኛል? ታዲያ ሌላ ምን ይወስደዋል?" አለ። አውሮፕላኑ ባሮ ውስጥ ገብቷል፣ አዞዎቹም ዛሬ ብቅ ያላሉት ጠግበው ነው ያለም ነበር።

እኔ አልሳቅኩም። ከድንበሩ ማዶ ያኔ ጦርነት ነበር። "ወደ ምዕራብ ሄደ" ያለ ሰው ሁሉ፣ ሳያስበው፣ ለአሪየት "ባልሽ አይመለስም" እያላት ነበር።

ረፋዱ ላይ ኃላፊያችን አቶ ቾል ሁላችንንም አዳራሽ ሰበሰቡን። ከአየር ላይ የሚፈልግ አውሮፕላን ደመናው እስኪገለጥ መነሣት እንደማይችል ነገሩን። በግቢው መንቀሳቀስ የሚችል መኪና አንድ ብቻ ነበር። ነዳጁም አንድ በርሜል ነው፤ በዚያ ጭቃ ለአንድ አቅጣጫ ደርሶ መልስ ቢበቃ ነው። ወይ ወደ ምዕራብ ወደ ኢታንግ፣ ወይ ወደ ደቡብ ወደ አቦቦ። የሰማ ሁሉ ይናገር ተባለ።

ሰው እየተነሣ ኢታንግ፣ ኢታንግ፣ ኢታንግ አለ። አሪየት ጥግ ላይ የትናንቱን ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ተቀምጣለች። ጫፉ በጭቃ ጠቁሯል። አታለቅስም። የሚናገረውን ሰው ሁሉ አፍ አፉን ታያለች።

አቶ ቾል ወደ እኔ ዞሩ። "ከድጃ፣ ትናንት ከሰዓት የት ነበርሽ?"

"ቢሮዬ።"

"ታዲያ አንቺ አልሰማሽም?"

እውነቱ አንድ ቃል ነበር፤ አልሰማሁም። ግን ከተማው በሙሉ የሰማውን እኔ ብቻ እንዴት ሳልሰማ ቀረሁ? ምን እየሠራሁ? መጽሐፉ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። የሰው የሥራ ሰዓት ስቆጣጠር የኖርኩት እኔ፣ በሥራ ሰዓት ልብ ወለድ ሳነብ ነበር ልበል?

"ሰምቻለሁ" አልኩ። "ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ።"

ስዋሽ እንኳ ደቂቃ አላጎድልም።

"ወዴት ሲሄድ?"

እንደ ሰው ሁሉ ኢታንግ ልል ነበር፤ አፌም ተዘጋጅቶ ነበር። አሪየት ቀና ብላ አየችኝ። እጄ ተነሣና በተቃራኒው መስኮት በኩል ወደ ደቡብ ጠቆመ። "ወደ አቦቦ" የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የራሴ ነው።

አዳራሹ አጉረመረመ። መጀመሪያ የተሰማው ዘበኛችን ነው፤ "እኔም እኮ አሁን ሳስበው፣ ድምፁ ወደዚያ ያለ ይመስለኛል" አለ። ከአምስት ደቂቃ በፊት ኢታንግ ብሎ የማለ ሰው ነው። ሌላም ሰው ጭንቅላቱን ነቀነቀ። አቶ ቾል ግን አመነቱ። "ይህ ሁሉ ሰው አንድ ነገር እያለ በአንድ ሰው ቃል..."

አሪየት ተነሣች። "ከድጃ ካለች ልክ ነው" አለች። "መኪናው ወደ አቦቦ ይሂድ። ባሉ የኔ ነው።"

በዚህ ተወሰነ።

መኪናው ነርስና ፖሊሶች ጭኖ ሞተሩን ሲያሞቅ ሮጬ ወጣሁ። አሁን እናገራለሁ ብዬ ነው። ሾፌሩ ኦኬሎ አንገቱን በመስኮት አወጣ። "ወይዘሪት ከድጃ፣ ሌላ ያስታወስሽው ነገር አለ?"

አፌን ከፈትኩ። "መንገዱ ያዳልጣል፤ ቀስ በሉ" አልኩ።

"አይዞሽ! ስምንት ከሃያን ይዘን አንጠፋም" ብሎ ሄደ።

የዚያን ጊዜ የሆንኩትን መጻፍ ይከብደኛል። ያለችውን አንዲት በርሜል ነዳጅ በውሸት ልኬያታለሁ። ሰዎቹ በኢታንግ በኩል ወድቀው ከሆነና ሳይደረስላቸው ከቀረ የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ከተማው ግን ጭራሽ ባሰበት። በማግስቱ "ከምሳ በኋላ ነው የሰማሁት" ይል የነበረው ሁሉ "ስምንት ከሃያ" ማለት ጀምሯል። ሐጂ ሰይድም፣ "ልክ በስምንት ከሃያ ጨው ስመዝን" ሲሉ አገኘኋቸው። እኔን ሲያዩም፣ "ይኸው እሷም ምስክሬ ናት!" አሉ።

አሪየት ከእኔ ቢሮ አልወጣችም። ወንበር ስባ ከጎኔ ትቀመጣለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ "አቦቦ ሰው አለ፣ አይደል?" አለችኝ።

"አለ። የሰፈራ መንደሮች አሉ። የእኛም ዘመዶች አሉ።"

"ጥሩ" አለች። መጽሐፌን ከመሳቢያው አላወጣሁትም።

መኪናው በወጣ በሦስተኛው ቀን የመኪና ጥሩምባ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ። ኦኬሎ ጥሩምባውን አንዴ እንደነካው ሳይለቅ ነው ከተማ የገባው። አሪየት ከወንበሯ ስትነሣ ወንበሩ ወደቀ።

ሁሉም በሕይወት አሉ! ፈላጊዎቹ አቦቦ ሲደርሱ ያገኙት ሁሉ "አላየንም" ብሏቸው ነበር። አንድ ሰፋሪ ገበሬ ብቻ፣ ከአልዌሮ ወንዝ ማዶ በተተወ የእርሻ መሬት ላይ ነጭ ነገር አይቻለሁ አለ። ለምን እስከ ዛሬ አልተናገርክም ሲባል፣ "የመንግሥት ዕቃ መሰለኝ፤ የመንግሥት ዕቃ ደግሞ ባያዩት ይሻላል ብዬ" አለ። ነጩ ነገር አውሮፕላኑ ነበር። የኦሞድ እግር ተሰብሮ አብጧል። ነርሱ እንዳለው አንድ ቀን ቢጨመር እግሩ የሱ አይሆንም ነበር።

ሆስፒታል ልንጠይቀው ስንገባ ክፍሉ በጠያቂ ተጨናንቆ ነበር። ኦሞድ የሆነውን ተረከ። ገና ከተማው ሳይደርሱ ደመናው መንገድ ዘጋባቸው፤ ወደ ደቡብ ዞሩ፤ ሞተሩ ታወከ፤ አብራሪው ያገኘው ሜዳ ላይ አሳረፈው። "ጋምቤላን በዓይናችንም አላየናት፣ በላይዋም አላለፍን" አለ።

ሐጂ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

"ታዲያ እኛ ምንድን ነው የሰማነው?" አለ ልብስ ሰፊው።

እኔ ያመጣሁትን ብርቱካን አስቀምጬ ቀስ ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ስሜ ገነነ። ፍየል የጠፋበት ሰው መዝገብ ቤት እየመጣ "ወደየት ትመስልሻለች?" ይለኝ ጀመር። ሐጂ ሰይድ የስኳሩ መኪና መቼ እንደሚገባ ጠየቁኝ። አላውቅም ስላቸው፣ "ደቂቃውን አትንገሪኝ፤ ቀኑን ብቻ" አሉኝ። በማላውቀው ነገር ስመሰገን ስህተት ያለበት ደብዳቤ በስሜ ወጪ የሆነ ያህል ይሰማኝ ነበር። ግን ለማንም አልተናገርኩም። ሰባት ዓመት ሙሉ።

የተናገርኩት እዚያው ማረፊያው ላይ ነው። ኦሞድ ለስብሰባ ሄዶ ሊመለስ ነበር፤ አሁን በትንሹ ያነክሳል እንጂ ደኅና ነው። አሪየት "አብረን እንቀበለው" አለችኝ። አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ያህል ዘገየ። የመጠበቂያው ጥላ ሥር የቆሙት ሰዎች ወዲያው ጀመሩ። "ቅድም ሰምቼው ነበር" አለ አንዱ። "እኔም፤ ወደ ምዕራብ አለፈ" አለ ሌላው።

አላስቻለኝም። "አሪየት" አልኩ፣ "ያኔ እኔ ምንም አልሰማሁም ነበር። መጽሐፍ ሳነብ ነበር። ዋሽቼሻለሁ።"

አሪየት መሣቅ ጀመረች። ዕንባዋ እስኪወርድ ሣቀች።

"ከድጃ፣ ያን ቀን እኔ ወደዚህ ስመጣ መኪናው መስኮትሽ ሥር ቆሞ ነበር። 'ሄድኩ' ብዬ ሦስት ጊዜ ጠራሁሽ። ኦኬሎ ጥሩምባ ነፋ። ቀና አላልሽም። ሰዓቱን ታውቂያለሽ? ስምንት ሰዓት ከሃያ! የመኪና ጥሩምባ ያልሰማች ሴት ደመና ውስጥ ያለ አውሮፕላን ትሰማለች?"

"ስለዚህ ታውቂ ነበር?"

"ያኔውኑ።"

"ታዲያ ለምን 'ከድጃ ካለች ልክ ነው' አልሽ?"

ሣቋን አቆመች። "የሰማ እንዳልነበረማ አውቃለሁ፤ እኔም ውጭ ነበርኩ፣ ምንም አልሰማሁም። ሁሉም ባሌን ወደ ጦርነት ላኩት። አንቺ ብቻ እርሻ ወዳለበት፣ ሰው ወዳለበት ላክሽው። እኔም እዚያ እንዲሆን ፈለግኩ። በቃ።"

ሰባት ዓመት የተሸከምኩት ነገር እንዲህ በቀላሉ ወረደ። ጣቴ ለምን ወደዚያ እንደጠቆመ አሁንም አላውቅም። አሪየትን አይቼ አዝኜ ይሆናል፤ አጋጣሚም ሊሆን ይችላል። ዱሮ አለማወቄ ያሳፍረኝ ነበር። አሁን ግን አቦቦ ሲባል በሰማሁ ቁጥር ፈገግ እላለሁ።

ያን ቀን ገና ዓይኔን እየጠረግኩ ሳለሁ ከወደ ምሥራቅ ቀጭን ድምፅ መጣ። ጥላው ሥር ያሉት ክርክር ላይ ስለነበሩ ልብ አላሉም። አሪየት ክንዴን ጎሸም አደረገችኝ።

"ጻፊ እንጂ!"

ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ሁለት። ይህኛውን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።