በሬያችንን አፍተግር የያዘበት ክረምት

ከብት አፉን ጧ፣ ጧ ሲያደርግ በሰማሁ ቁጥር ዳባት ያለው የልጅነት ግቢያችን ይመጣብኛል። ያን ድምፅ መጀመሪያ የሰማሁት ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ እናቴን ተከትዬ ጠዋት ወደ በረት ስገባ ነበር። ዳልቻ፣ ያለን አንድ በሬ፣ ለሃጩ እየተዝረበረበ፣ ድርቆሹን ሳይነካ ቆሞ ነበር። አባቴ ከንፈሩን ገልብጦ ሲያይ ምላሱ ውሃ በቋጠረ ቁስል ተሞልቷል፤ የሰኮናው መሃልም እንዲሁ።

«አፍተግር ነው» አለ።

«ሳይሰማ ገበያ ብንነዳውስ?» አለች እናቴ ቀስ ብላ።

«የሰው በረት ላዘጋ?»

አባቴ ዳልቻን የሚያርሰው ከእማማ አለሚቱ በሬ ጋር አቀናጅቶ ነበር። እማማ አለሚቱ ከእኛ በታች የሚኖሩ ባልቴት ነበሩ፤ የእሳቸውም በሬ አንድ ስለሆነ አባቴ የሁለታችንንም መሬት በተራ ያርስ ነበር። ያን ጠዋት ከአጥራቸው ውጭ ቆሞ ተጣራ።

«እትዬ፣ አይቅረቡኝ። ዳልቻ አፍተግር ይዞታል። በሬዎን ከእኛ ከብት ጋር ውሃ እንዳያጠጡ፤ ሌላ የሚቀናጅ ይፈልጉለት።»

«አንተስ ወንድም ዓለም? ገብስህን በምን ልትዘራ ነው?»

«እሱ ያውቃል። የእርስዎ ይትረፍ።»

እናቴ በየጠዋቱ የዳልቻን አፍ በጨው ውሃ እያጠበች፣ አጥሚት አቅጥና በእጇ ታስጎነጨው ነበር። ጥጃችን ግን አንድም ቁስል ሳይታይባት፣ እናቷን ስትጠባ ቆይታ ድንገት ወድቃ ሞተች። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች።

ሰኔ ገብቶ የጎረቤቱ ማሳ ሁሉ ሲዘራ የእኛ እንደ ጠፍ መሬት ተኝቶ ነበር፤ አባቴ በመቆፈሪያ ቢታገለውም ጥቂት ብቻ ነበር የሚገለብጠው። አንድ ቀን እማማ አለሚቱ ወንድማቸውን ከተቀናጁ ሁለት በሬዎች ጋር አስከትለው፣ ዳልቻ ካልረገጠው ከታችኛው ማሳችን ላይ ቆመው አየናቸው።

«በሬዬ ግቢህ አይገባም፤ መሬትህ ግን ይገባል» አሉት ከሩቅ።

አባቴ የታመመውን ሲነካ የሰነበተ ነውና ወደ በሬዎቹ መጠጋት አልቻለም። እርፉን ለማንም ሰጥቶ የማያውቅ ሰው ከማሳው ጫፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ መሬቱን ሌላ ሰው ሲያርስለት እያየ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ይጠርግ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ የዳልቻ ቁስል ደርቆ መጋጥ ጀመረ፤ ነገር ግን ፀሐይ ሲነካው ያለከልክ ስለነበር ቀንበር መሸከም አልቻለም። የገና በዓል ሲቃረብ አባቴ ወደ ገበያ ነዳው፤ ገመዱን ብቻ ይዞ ተመለሰ።

ዛሬ ደባርቅ እኖራለሁ። አሁን ክትባት አለ፣ የከብት ሐኪምም በስልክ ይጠራል። ቢሆንም በሽታው ገባ በተባለ ቁጥር፣ ምልክቱን ያየ ሰው ሳይታወቅበት ከብቱን ወደ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ እንደነዳ እሰማለሁ። አልፈርድበትም፤ አንድ በሬ ብቻ ያለው ቤት ጭንቀቱ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ብቻ ዝናቡ ደርሶ፣ ዘሩ ጎተራ ውስጥ እየጠበቀ፣ አባቴ ያደረገውን ማድረግ ይቻለኝ እንደሆነ ራሴን እጠይቃለሁ።