ለሚኒባስ ችካል መቸከል

የሶላር ሥራ ማንም አላስተማረኝም። ቡራዩ ውስጥ ሞባይል እየጠገንኩ፣ ከስልኬ ላይ እያነበብኩ፣ የተበላሸ ፓኔል እየፈታሁ ነው የለመድኩት። ስለዚህ ያላነበብኩትን ነገር መንካት እፈራለሁ፤ ያነበብኩትን ደግሞ አንድ መስመር ሳልዘል ነው የምሠራው። እስከዚያ ድረስ የገጠምኩት አራት ጣሪያ ላይ ነበር፤ አራቱም የቤት ጣሪያ።

አምስተኛው ሱሉልታ አንድ ቤት ደጅ የቆመ ሚኒባስ ሆነ። ባለቤቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዱ ጡረተኛ ናቸው። ወንበሮቹን ነቅለው አልጋ፣ የቡታጋዝ ምድጃና የልብስ ሳጥን አስገብተውበታል፤ ከሚስታቸው ጋር አገር ሊዞሩበት። የሰፈሩ ሰው «ቤት መኪናው» ይለዋል። ጊዜው ማስተር ፕላን የሚባለው ነገር የሁሉ መነጋገሪያ የነበረበት ነው። አዲስ አበባ ሰፍታ የገበሬውን መሬት ልትወስድ ነው እየተባለ ወጣቱ መንገዱን በድንጋይ ይዘጋል፣ ይከፍታል፣ ደግሞ ይዘጋል። ጋሼ ግን «የእኔን ቤት ሊያፈርሱ ከመጡ አስነስቼው እሄዳለሁ» እያሉ ይስቃሉ።

ሚስታቸው አይስቁም። ስኳር ስላለባቸው ኢንሱሊን ይወስዳሉ። እናታቸው አርባ ምንጭ አካባቢ አርጅተው አልጋ ይዘዋል፤ ሚስትየው ኢንሱሊን ከጀመሩ ወዲህ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አላዩዋቸውም። መንገዱ ረጅም ነው፣ ቆላው ይሞቃል፣ እዚያም መብራት ይጠፋል፣ መድኃኒቱ ይበላሻል። «መኪናው ውስጥ ብርድ የሚይዝ ነገር በዓይኔ ካየሁ እሄዳለሁ፤ ካላየሁ አልሄድም» ብለው ቆርጠዋል። ጋሼ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ፍሪጅ ገዙ። እሷን በፀሐይ ማሠራት የእኔ ሥራ ሆነ።

የደረስኩት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ባልና ሚስቱ የመኪናውን ቁልፍ ሰጥተውኝ ለቅሶ ሊደርሱ ወጡ። ያነበብኩት መመሪያ ከሁሉ በፊት ጥላ ለካ፣ ፓኔሉ የሚዞርበትን ደቡብን አግኝ ይላል። ከመኪናው አጠገብ ሣሩ የታጨደ ሜዳ አለ። እዚያ አንድ ረጅም እንጨት አቆምኩ፤ የጥላውን ጫፍ በየሩብ ሰዓቱ በችካል ምልክት አደረግኩ፤ ሲባጎ ወጠርኩ፤ ሜትር ዘርግቼ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። አምስት ሰዓት ሲሆን ዘጠኝ ችካል ተደርድሯል። ሥራዬ አምሮልኝ ነበር።

ቀና ስል መንሽ የያዙ አዛውንት ገበሬ ፊቴ ቆመዋል፤ ከኋላቸው አራት ወጣቶች።

«ማል ሳፈርታ?» አሉኝ አዛውንቱ።

ቡራዩ ከገባሁ ገና ስድስት ወሬ ነው፤ ኦሮምኛዬ ከሰላምታና ከገበያ አያልፍም። ጆሮዬ የያዘው «ሰፈር» የምትለዋን ብቻ ነው። ሰፈርህ የት ነው ያሉኝ መስሎኝ የተወለድኩበትን በትሕትና ነገርኳቸው።

«አዲስ አበባ።»

ከወጣቶቹ አንዱ፣ የሯጭ ቱታ የለበሰው፣ ቀረብ አለ።

«ምን እንደጠየቁህ ገብቶሃል?»

«ሰፈሬን።»

«ምን እየለካህ ነው ነው ያሉህ።»

ችካሎቹን አየሁ፤ ሲባጎውን አየሁ፤ በእጄ የያዝኩትን ሜትር አየሁ።

«ለመኪናው ነው» አልኩ።

«ምኑ?»

«ችካሉ።»

«እንደ በሬ ሊያስረው ነው» አለ ከኋላ አንዱ።

«ሶላር ልገጥምለት ነው። የምለካው ፀሐይዋን ነው።»

«ፀሐይዋ ያቻት፣ ላይ። አንተ የምትለካው የኦቦን መሬት ነው» አለ ባለ ቱታው ወደ አዛውንቱ እያመለከተ።

አዛውንቱ መንሹን ተክለው ተደገፉትና በአማርኛ፣ ቀስ ብለው፣ ጠየቁኝ።

«ሶላሩ የት ነው የሚሆነው?»

«መኪናው ጣሪያ ላይ፣ አባባ።»

«መኪናው ይሄዳል?»

«ይሄዳል።»

«ይዞራል?»

«ይዞራል።»

«እና ሲዞር ይሄን ችካልህን ይዞ ነው የሚዞረው?»

መመሪያው የተጻፈው ለቤት ነው፤ ቤት ደግሞ አይዞርም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ደቡብን ስፈልግ የነበረው በየመታጠፊያው ፊቱን ለሚያዞር ሚኒባስ ነው። እውነቱን ለመናገር ጥርጣሬያቸው ትክክል ነበር። መኪና ላይ ለሚሰቀል ነገር መሬት የሚለካ ሰው ወይ ውሸታም ነው ወይ ሞኝ።

«እንዲህ ያለ ሞኝ ቀያሽ አድርገው አይልኩም» አለ ባለ ቱታው።

«እነሱ? ይልካሉ» አለ ጓደኛው።

አዛውንቱ ደብተሬን ተቀብለው ከጋቢያቸው ሥር አስገቡት። «በል ችካልህን ንቀልና ግጠመው። እኛም እንይ።»

በአምስት ተቆጣጣሪ ፊት ሠራሁ። ፓኔሉን ወደ ደቡብ ዘንበል የሚያደርግ የብረት መደገፊያ አስበይጄ ይዤ ነበር፤ እሱን መሬት ላይ ተውኩትና ፓኔሉን መኪናው ጣሪያ ላይ አስተኝቼ አሰርኩት። ገመዱን አውርጄ ከባትሪው ጋር ሳገናኝ ባልና ሚስቱ ደረሱ።

«ምን ሆናችሁ ተሰበሰባችሁ?» አሉ ጋሼ።

«ቀያሽ ይዘን» አለ ባለ ቱታው። «ሶላርዎን ወደ ደቡብ አዙሮ ሊገጥምልዎ ነበር።»

ጋሼ ቀና ብለው ፓኔሉን አዩ። «አርባ ምንጭ ስንሄድ ልክ ነው። ስንመለስ የኋሊት ልነዳ ነው?»

ያኔ አዛውንቱም ሳቁ፤ ደብተሬም ተመለሰልኝ።

ፍሪጇን አስነሣኋት። ሚስትየው ግን ዘወር ብለውም አላዩዋትም።

«ሱሉልታ ራሷ ፍሪጅ ናት» አሉ። «እዚህማ ደጅ ባስቀምጠውም ይቀዘቅዛል።»

እውነታቸውን ነው። ስለዚህ እንደ ቆላው እንዲሞቅ መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁመን መስኮቶቹን በሙሉ ዘጋን። ቴርሞሜትሩን ፍሪጇ ውስጥ ከትቼ ሽቦውን ወደ ውጭ አወጣሁ፤ መድኃኒቱ እንዳይበላሽ ቁጥሩ ከስምንት ዲግሪ በታች ወርዶ እዚያው መቆየት አለበት። ሁሉም ገቡ። ስምንት ሰው አንድ ሚኒባስ ውስጥ ተፋፍጎ አርባ ምንጭን ሠራ። ባለ ቱታው እንደ ኳስ ጨዋታ አስተላላፊ ቁጥሩን ይጠራል፤ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥር፣ ዘጠኝ።

ዘጠኝ ላይ ቆመ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ሚስትየው እጃቸውን አጣጥፈው መስኮቱን ያያሉ። ጋሼ ላባቸውን ይጠርጋሉ፤ ዓይናቸው ግን ከሚስታቸው ፊት አይነሳም። ገመዱን አንድ በአንድ ፈተሽኩ፤ ምንም የለም። ጎንበስ ስል ምክንያቱን አገኘሁት።

«አባባ፣ ጋቢዎን ከመተንፈሻዋ ላይ ያንሱላት።»

አነሱላት። ስምንት ሆነ። ሰባት። ከዚያ አምስት ገባና ግማሽ ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አላለም።

ሚስትየው ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ። እርጥብ አሸዋ የሞላው የሸክላ ማሰሮ ይዘው ተመለሱ። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ከአሸዋው አወጡ፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ፍሪጇ ውስጥ ደረደሩ፣ በሩን ዘጉ። ከዚያ ወደ ወጣቶቹ ዞሩ።

«መንገዱ መቼ ነው የሚከፈተው?»

ወጣቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«እኛን ነው የሚጠይቁን፣ እማማ?»

«ታዲያ ማንን ልጠይቅ?»

«የዚህኛው ሐሙስ ነው የሚባለው» አለ ባለ ቱታው አንገቱን ደፍቶ። «የሰበታውን ግን አናውቅም።»

«ሰበታ ስንደርስ የሰበታዎቹን እጠይቃለሁ። ሐሙስ እንሄዳለን።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ይህችን ቃል ሲጠብቁ የኖሩት ጋሼ ከመኪናው ወረዱና ጎማውን በእግራቸው መታ መታ አደረጉ።

«ጎማው እኮ...» አሉ።

«ሐሙስ» አሉ ሚስትየው።