«ማጅራቴን» ያለችው ልጅ

ዘውድነሽ ዳንግላ ጫፍ በተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ የሴቶች ማደሪያ ፕሮክተር ናት። ሥራዋ በወረቀት ሲነበብ ቁልፍ መያዝ፣ ፍራሽ መቁጠርና ሰዓት ማስከበር ነው። የታመመችውን ማስታመም፣ የከፋትን ማባበል ወረቀቱ ላይ የለም። ማን ይጽፈዋል? ለዋናው በር እብነ በረድ ያልጠፋበት ግቢ፣ ለሁለት ሺህ ተማሪ የቀጠረው አንዲት ነርስ ነው!

የካቲት 2010 ዓ.ም.፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ቤተል የምትባል ተማሪ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች መጣች።

«እትዬ ዘውድነሽ! ስሜነሽን ማጅራት መቺ መቷት ጥበቃ ቤት ተኝታለች!»

«በዚህ በጠራራ ፀሐይ?»

«የጥበቃው አበረ ነው ያለው። ፖሊስ ተጠርቷል።»

ስሜነሽ የቤተል የመኝታ ጓደኛ ናት፤ ከአዲስ ቅዳም ገጠር የመጣች፣ አፏን በአውንጊ የፈታች፣ አንደኛ ዓመት። ጠዋት «ራሴን» ብላ ሻሽ አስራ ተኝታ ነበር። ዘውድነሽም «ፀሐይ ነው፣ ውኃ ጠጪበት» ብላት አልፋ ነበር። አሁን ያን ቃሏን እያሰበች ወደ ጥበቃ ቤቱ ሮጠች።

የጥበቃው አለቃ አበረ ልጅቱን አግዳሚ ወንበር ላይ አጋድሞ፣ መዝገቡን ዘርግቶ ይመረምራታል።

«ስንት ነበሩ? መልካቸውን ንገሪኝ እንጂ!»

«ማጅራቴን…» አለች ስሜነሽ፣ ዓይኗን ከብርሃኑ ሸሽጋ።

«ይኸው! ክሊኒክ በር ላይ ወድቃ ካገኘኋት ጀምሮ ቃሏ ይኸው ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱን ከአጥሩ ጀርባ ጥለው ስልኩን የወሰዱት ናቸው።»

«ስልኳ እጇ ላይ አይደል እንዴ፣ አንተ?»

አበረ ስልኩን አየ፣ መዝገቡን አየ። «ደንግጠው ሮጠው ይሆናላ!»

«ነርሷስ?»

«የወንጀል ነገር ከሆነ ያለ ፖሊስ ወረቀት አልነካም አለች።»

ዘውድነሽ የልጅቱን ግንባር ዳሰሰች፤ እሳት። እጇን ከአንገቷ ሥር አስገብታ አገጯን ወደ ደረቷ ልታስጠጋ ሞከረች። አንገቷ እንደ ደረቀ ግንድ እምቢ አለ፤ ልጅቱ ጮኸች። በ1981 የዘውድነሽ ታናሽ ወንድም ገብረ ማርያም እንዲሁ አንገቱ ደርቆ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ዓይን በልቶት ነው» ሲል፣ በማግስቱ ተቀበረ።

«ማጅራት መቺ አይደለም፣ ማጅራት ገትር ነው! አምቡላንስ ጥራ!»

«ሹፌሩስ አለ። መውጫ የሚፈርሙት ኃላፊው ግን ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«የምን ስብሰባ?»

አበረ አቀረቀረ። «የተማሪዎች ጤና ቀን… ዝግጅት።»

ስሜነሽን በጀርባዋ አዝላ ወጣችና ጋሪ አስቆመች። መንገዱ ባንገጫገጫቸው ቁጥር ልጅቱ ታቃስታለች። ኋላ ማቃሰቱም ቀረ።

«ስሜ! አናግሪኝ፣ ልጄ!»

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። የወጣው አውንጊ ነበር፤ ዘውድነሽ አንዱም አልገባትም። ምን እየለመነቻት ይሆን? እየተሰናበተቻትስ ቢሆን?

«ግረፈው!» አለችው ባለጋሪውን።

«ኧረ ፈረሱ ይሞትብኛል፣ እታለም!»

«ፈረስህ ይሙት!»

ሆስፒታሉ ልጅቱን ተቀብሎ በሩን ዘጋ። ዘውድነሽ ከበሩ ሥር ቁጭ አለች። ሐኪሙ ሲወጣ የጠየቃት ሌላ ነበር።

«ከሷ ጋር አንድ ክፍል የሚያድሩት ስንት ናቸው?»

«ሰባት።»

«ዛሬውኑ መድኃኒት ይውሰዱ። እርስዎም።»

«እሷስ?»

«ዘግይታ ነው የመጣችው» አለና ተመልሶ ገባ።

ሰባቱን ልጆች ከማደሪያው እየለቀመች ወደ ሆስፒታሉ ወሰደቻቸው። ቤተል መንገዱን ሙሉ አገጯን ከደረቷ እያስነካች «ይታጠፋል አይደል፣ እትዬ? ይታጠፋል?» ትላለች። አበረም ከኋላ ተከተለ። «ፊቴ ላይ ስላብኛለች እኮ» አለ፣ ፊቱን በእጅጌው እየጠረገ። ስድብ ይገባው ነበር፤ ዘውድነሽ ግን የስድብ አቅም አልነበራትም።

በአራተኛው ቀን ስሜነሽ ዓይኗን ገለጠች። ዘውድነሽ ከአልጋው በስተግራ ተንበርክካ፣ እያለቀሰች፣ በዚያ ጠዋት ስላለቻት ነገር ይቅርታ ጠየቀቻት። ልጅቱ ዝም። ደግማ ጠየቀቻት። ስሜነሽ ቀስ ብላ ፊቷን አዞረች።

«እትዬ፣ በዚህ በኩል ይናገሩ። ያኛው ጆሮዬ አይሰማም።»